ያልነበራት አንገት

ሁለት ዓመት ሙሉ በልብስ ሱቄ የቴሌግራም ቻናል ላይ የሚወጡት ፎቶዎች ጭንቅላት አልነበራቸውም። ቀሚሱ ከትከሻ ይጀምርና ቁርጭምጭሚት ላይ ያልቃል። ደንበኞቼ የአዲስ አበባ ሱቆችም እንዲህ ስለሚያደርጉ ፋሽን ይመስላቸው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ልብሱን የምትለብስልኝ ልጅ እንቅርት ነበረባት። እኔ ደግሞ እንቅርት ልብስ አይሸጥም ብዬ ፎቶውን ከአንገቷ በታች እቆርጠው ነበር።

ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት። ከሚዛን ተፈሪ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ሱቄ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ፣ ከእኔ የተገዛውን ልብስ ልክ ታስተካክላለች፣ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ከተረፈው ቁራጭ ጨርቅ ደግሞ ትንንሽ ሻርፖች ትሰፋለች፤ እኔ ለገዢ ሁሉ አንዳንድ እመርቅላቸዋለሁ። ቤንች ናት፣ የዚህ አገር ልጅ። እኔ ወላጆቼ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የወለዱኝ ነኝ፤ እዚሁ ተወልጄም ሌላውን ሰው «የዚህ አገር ልጅ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚህ ይታወቃል።

ትከሻዋ ቀጥ ያለ ነው። የገበያ ጨርቅ እንኳ እሷ ላይ ሲወጣ ውድ ይመስላል። የራሷን ልብሶች ሁሉ አንገታቸውን ከፍ አድርጋ ትሰፋቸዋለች፤ በዚያ ላይ ሻርፕ ትጠመጥማለች፤ ሙቀትም ይሁን ዝናብ አታወልቀውም። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን ፈትታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠውና እየሰፋች ትዘምራለች። የቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ነበረች። ሐኪም ቤት ሄዳ ታውቃለች፤ ቀዶ ጥገናው ድምፅ ሊነካ ይችላል ሲሏት ፈርታ ተመለሰች።

ቴፒ ቡና እርሻ ላይ የሚሠራ እጮኛ ነበራት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣል፤ አናናስ ሳይዝ አይመጣም። እንቅርቷን ያውቃል፤ ግድም አልሰጠው። ግድ የሰጣቸው እናቱ ናቸው። አንገቷ ሳይድን ሰርግህ ላይ አልቆምም ብለው ቁርጡን ነግረውታል። እሱ ደግሞ ያለእናቱ ምርቃት ማግባት አልሆነለትም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ለአንገቷ ይጸልይ ነበር፤ ሰርጉም ጸሎቱን ይጠብቅ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የዚያ አናናስ ሽታ በረንዳዬን ሲሞላው የሱቁን በር ገፋ አድርጌ እዘጋው ነበር። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ልብስ የሚልክልኝ የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው ስለአፑ የነገረኝ። የአንድ ሰው ፎቶ ትሰጪዋለሽ፣ የተሰቀለ ልብስ ፎቶ ትሰጪዋለሽ፣ ኤአይ አልብሶ ያመጣልሻል አለኝ። አንድ ቀን ስትስቅ ያነሳኋት ፎቶ ስልኬ ላይ ነበር፤ ሻርፕ አድርጋለች። አዲስ የገባ የወይን ጠጅ ቀለም ቀሚስ ነበረኝ፣ አንገቱ ሰፋ ብሎ የተከፈተ። ሁለቱን ሰጠሁት። አፑ ሻርፑን አወለቀው፤ ከሥሩ ያለውን ስለማያውቅም ከራሱ አንድ አንገት ፈጥሮ ሰጣት። ረጅም፣ ለስላሳ፣ ምንም የሌለበት አንገት ነው።

አሳየኋት። ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በሁለት እጇ ያዘችው። እባክሽ አትልቀቂው አለችኝ። እሺ አልኳት። በማግስቱ ለቀቅኩት። ከሥሩም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሞዴሎቻችን በሙሉ እውነተኛ የሚዛን ልጆች ናቸው።» ይህን የጻፍኩት በከንቱ አልነበረም። ሌሎቹ ቻናሎች በኤአይ ሴቶች ተሞልተው፣ ሰው ያየውና የደረሰው ልብስ አልገናኝ ብሎት ተማሮ ነበር። እኔ እንደማላታልል እንዲታወቅ ፈለግሁ።

ትእዛዙ ጎረፈ። ከቴፒ፣ ከሸዋ ቤንች፣ ከዩኒቨርሲቲው ልጆች ሳይቀር። አብሮ የመጣውን ሌላ ነገር ግን አላሰብኩትም። አንዷ የኳየር ልጅ ፎቶውን አንስታ በቤተ ክርስቲያናቸው ግሩፕ ላይ ለጠፈችው፤ ጌታ እህታችንን ፈወሳት ብላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴቶች በረንዳዬ ላይ እየመጡ አገላብጠው ይስሟት ጀመር። እሷ ከነሻርፗ ቁጭ ብላ፣ አልዳንኩም፣ ፎቶው የማሽን ሥራ ነው ትላቸዋለች። እነሱ ይስቃሉ። ስልካቸውን አውጥተው እኔ የጻፍኩትን ያነቡላታል። ምስክርነቷን መድረክ ላይ ልትሰጥ ስለፈለገች ነው የምትደብቀን ተባባሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ ልብስ አጣጥፋለሁ፤ ጆሮዬ ግን በረንዳው ላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት መኪናዋን አቁማ ወደ ውስጥ ገባች። የእጮኛዋ እናት ፎቶውን አይተዋል፤ ደውለው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ብለዋታል። እሑድ ለምስጋናው ሊመጡ ነው። ልጁ አልዳነችም ብሎ ቢነግራቸው፣ በዓይኔ አይቻለሁ ብለው ዘጉበት።

«እህቴ፣ የማሽን ሥራ ነው ብለሽ ጻፊላቸው። አንድ መስመር ብቻ ነው። እኔን አላመኑኝም፣ አንቺን ያምኑሻል» አለችኝ።

እሺ፣ ዛሬውኑ አልኳት። ጻፍኩትም። ከዚያ ያልተላከውን ትእዛዝ ተመለከትኩ፣ ይህች አንድ መስመር የቀሩትን ፎቶዎች ሁሉ እንደምታስጠረጥርብኝ አሰብኩ፣ አጠፋሁት። ዓርብ ጠየቀችኝ፣ ኔትወርክ አልነበረም አልኳት። ቅዳሜ አልጠየቀችኝም። እጮኛዋ አናናሱን ይዞ መጣ፤ እስኪመሽ ሳይቆረጥ በረንዳው ላይ ዋለ።

እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድኩ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚያ ምን አገባኝ? ለማየት ነው የሄድኩት። በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እናትየው ከፊት ናቸው፤ ነጭ ለብሰዋል፣ ጉልበታቸው ላይ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ልጃቸው አጠገባቸው ነው። ፓስተሩ ዛሬ ምስክርነት የሚሰጥ አለ ሲሉ ሕዝቡ ስሟን ሳይጠብቅ አጨበጨበ።

ወጣች። ማይኩን ሰጧት፤ አልያዘችውም። በሁለት እጇ ሻርፑን ፈታች፤ እኔ ሱቅ ውስጥ ስትሆን እንደምታደርገው፣ ሳትቸኩል። ጭብጨባው ከፊት ወንበሮች ጀምሮ እየቆመ ወደ ኋላ መጣ።

«አልተፈወስኩም» አለች፤ ድምፅዋ ያለማይክም እስከ በሩ ይሰማል። «ፎቶው የማሽን ነው። የሠራችው እዚያ በሩ ጋ አለች፤ ጠይቋት።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዓይኔ ያረፈው ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ልብሳቸው ላይ ነው። ከእኔ የተገዛ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ከእኔ የተገዛ ሹራብ፣ ከወይን ጠጅ ቀለሙ ራሱ ሁለት። ፓስተሩ በትሕትና፣ እህታችን፣ ፎቶው እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው ጠየቁኝ። ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። አንዷ ደንበኛዬ ግን ቀሚሷን በእጇ ዳበስ አድርጋ አየችኝ።

«ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። አንስቼዋለሁ፤ በገዛ ስልኬ፣ በገዛ በረንዳዬ። ይህንኑ ብዬ ተቀመጥኩ።

እሷ ከመድረኩ ላይ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። አንድ ልብስ ልኩ አልገባ ሲላት እንደምታየው ነው ያየችኝ። ከመሐል የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ ተነሣ፦ ተፈውሳ ነበር፣ ባለማመኗ ተመለሰባት። ፓስተሩ እንዲህ አይባልም እያሉ እጃቸውን አነሡ፤ ቃሉ ግን ቀድሟቸው ወንበር ለወንበር ሄደ። እኔው ራሴ ሲደርሰኝ ሰማሁት።

እናትየው ተነሥተው ወደ መድረኩ ወጡ። የገበያ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በጣታቸው አንገቷን ነካ አደረጉ።

«ሰጥቶሽ ነበር፤ አንቺ መለስሽው» አሏት፣ ቀስ ብለው።

ጥቅላቸውን ይዘው ወጡ። ልጁ ከመድረኩና ከበሩ መሐል ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጃንጥላውን ዘርግቶ ተከተላቸው። እናቱን አድርሶ የሚመለስ መስሎኝ ነበር፤ እሷም መስሏት ይሆናል፣ ጉባኤው እስኪበተን ሻርፗን አልጠመጠመችም። አልተመለሰም።

ከኳየሩ ለጊዜው አረፍ በይ ተባለች። እምነቷ እስኪጠነክር ነው አሉ።

ሰኞ ጠዋት እንደወትሮዋ መጣች። በመስመር የተሰቀሉትን ልብሶች አንድ በአንድ ጨረሰች፤ አሳጠረች፣ ተኮሰች፣ አጣጠፈች። አንዲት ዚፕ እንኳ አላስቀረችብኝም። ከዚያ መኪናዋን የሚጭንላት ባጃጅ ጠራች። ያን ጊዜ ነው ኅሊናዬ መጣሁ ያለኝ፤ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ። ፎቶውን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አልኳት።

«ተይው» አለችኝ፣ የመኪናዋን ገመድ እየጠመጠመች። «አሁን ብታጠፊው፣ አፍራ አስጠፋችው ይሉኛል።»

ወደ ሸዋ ቤንች፣ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። በረንዳው ላይ የቁራጭ ጨርቅ ሻርፖቿ በፌስታል እንደሞሉ ቀሩ። ልብስ የሚያሳጥርልኝ ሌላ ሰው አላገኘሁም፤ የረዘመውን እንደረዘመ እሸጠዋለሁ። ፎቶው አሁንም ቻናሉ ላይ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚታየው እሱ ነው። አንዳንዴ ይህች ልጅ ማን ናት ብለው ይጠይቁኛል። የሚዛን ልጅ ናት እላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ከቴፒ ትእዛዝ መጣ፤ የወይን ጠጅ ቀለሙ ቀሚስ። ስልክ ደውለው ነው ያዘዙት። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ድምፃቸውን አወቅኩት፣ እናትየው ናቸው፤ እሳቸውም ወደ ማን ሱቅ እንደደወሉ ያውቁ ነበር፣ አላፈሩም። ልጃቸው ሊያገባ ነው። ምራታቸው አንገቷ ያምራልና እንደፎቶው ይሆንላታል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ይሆንላታል አልኩ። ለነገው ሚኒባስ ጠቀለልኩት፤ እንደልማዴም ከፌስታሉ አንድ ሻርፕ አውጥቼ መረቅኩበት። የመጨረሻው ነበር።