ቀለም ያልተቀባው አውቶቡስ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የተሳፈርኩበት መኪና ጉድ ነው፤ መጋረጃው፣ መብራቱ፣ ሙዚቃው! ወንበሩ ግን ከሥሩ ይነቃነቃል። «ባለመኪናው ከየት እንደቆጠበ ገባኝ» አልኩና ሐጂ ይማም ትዝ አሉኝ።

በወጣትነቴ ኮምቦልቻ፣ እሳቸው ጋራዥ ነበር የምሠራው። የጭነት መኪና ሻሲ ላይ የአውቶቡስ ቦዲ እንገጥማለን፤ ንድፉን የማወጣው እኔ ነኝ። ባለመኪኖች ብር ሲያጥራቸው የሚያስቀንሱት ከላሜራው ውስጥ ቆሞ ጣሪያውን የሚሸከመውን የብረት ምሰሶ ነው። ማን ያየዋል? ተሳፋሪ የሚመርጠው በቀለም ነዋ!

ሙሄ የሚባል የሐርቡ ሰው ከብቱን ሸጦ ሻሲ ገዝቶ መጣ። ምሰሶውንና ቀለሙን አንድ ላይ የሚችል ብር አልተረፈውም። ሁለት ንድፍ አቀረብኩ፤ አንዱ ምሰሶው የሳሳ፣ ሌላው ቀለም የሌለው። ሐጂ የመጀመሪያውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ብረቱን አትንኩ። ቀለሙ ይቅር።»

«ወላሂ ሐጂ፣ ማንም አይሳፈርልኝም! ልጆቼን ምን ላብላ?» አለ ሙሄ።

«እኛ እንሳፈርልሃለን።»

ሙሄ እውነቱን ነበር። ዝገት መከላከያ ብቻ የተቀባውን መኪና መናኸሪያ ላይ ሰው ሸሸው። ሐጂም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ከሥራ ስንወጣ ሁላችንንም ይዘው ሄደው መስኮት መስኮቱን ያስይዙናል። ሰው መቼም ሊሞላ የደረሰ መኪና ይወዳል። ገበያው ሲመጣ ጓደኞቼ ወርደው ቦታ ይለቃሉ። እኔ የደሴ ልጅ ስለሆንኩ አልወርድም፤ የባቄላ እሸቴን እየፈለፈልኩ እቤቴ እገባለሁ።

አንድ የክረምት ከሰዓት የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭጋግ ወርዷል። ከላይ የመጣ የጭነት መኪና መንገዱን ዘጋብን፤ ሙሄ እሱን ሲሸሽ ጎማው አዳለጠውና አውቶቡሱ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተጋደመ። «ያ አላህ!» «እመብርሃን!» እያለ ሰዉ ጮኸ። ጎኑ አልታጠፈም፣ ጣሪያውም አልተደፋብንም። በመስኮት አንድ በአንድ ወጣን፤ ከአንድ ሰው ክንድ በቀር የተሰበረ የለም። ሙሄ ዝናብ እየመታው መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

«ቀለም ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ተፋቆ ነበር!» አለ።

እያለቀስን ሳቅን። ወሬው ደሴን አዳረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ያንን ቀለም የለሽ መኪና እየጠበቀ ይሳፈር ጀመር።

ባለቤቴን ያገኘሁት፣ ልጆቼን የወለድኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ ጉልበቴ ላይ ወጥታ እስክሪብቶዬን ትቀማኛለች። አላህ ይዘንልዎ ሐጂ። ያን ቀን «ቀለሙ ይቅር» ባይሉ፣ ሳትወለድ የምትቀረው እሷ ነበረች።