መጥሪያ አድራሿ

ታናሽ እህቴ ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኖ፣ ደባርቅ ልብስ ወደምሰፋበት ቤት የመጣች ዕለት ማንንም አላማከርሁም። መቀሴን ወረወርሁና «ተነሺ፣ ፖሊስ ጣቢያ!» አልኋት። መጀመሪያ ልጄን እናምጣ አለችኝ፤ የሁለት ዓመት ሴት ልጇ መንደር ከባሏ ጋር ቀርታ ነበር። እኔ ስቆጣ ጆሮ የለኝም። «እሷንም ፖሊስ ያመጣልሻል» ብዬ ጎተትኋት።

የተቀበለን ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሰጣት፤ ቃሏን ሲጽፍም አላቋረጣትም። ሲጨርስ አንድ ወረቀት ላይ ማኅተም መትቶ ዘረጋላት።

«ይህ የባለቤትሽ መጥሪያ ነው። ሰኞ ሦስት ሰዓት እንዲቀርብ አድርሺለት።»

«ማን? እሷ?» አልሁ።

«አመልካቿ ናት የምታደርሰው። አሠራሩ ይኸው ነው።»

«ለደበደባት ሰው?»

«መኪና የለን፣ ሰው የለን፣ ምን ላድርግ? አልቀበልም ካለ ትምጣና ትንገረን፤ ያኔ እናስይዘዋለን።»

ጮኽሁ። አለቃህን ጥራልኝ አልሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው አለኝ። እህቴ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የታዘዘችውን ታደርጋለች። ያን ቀን ይህ ጠባይዋ አናደደኝ።

በዳባት ሚኒባስ ሄደን መገንጠያው ላይ ወረድንና በገብስ ማሳ መሀል በእግር ቀጠልን።

«እኔ ልስጠው» አልኋት።

«ተይ እታለም፤ በሰው እጅ ከላክሁበትማ አዋረደችኝ ብሎ ይብስበታል።»

ቤታቸው ደረስን።

ባሏ ልጃቸውን ታቅፎ ደጅ ቆሟል። መጥሪያውን ከእጇ ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ዞሮ «ይግቡ እንጂ፣ ደጅ ይቆማሉ እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ልጅቱን እንደታቀፈ ገባ። እህቴም ልጇን ተከትላ ገባች።

እኔ ደጅ ቀረሁ። ጣቢያውን በጩኸት ያናጋሁት ሴትዮ ፈራሁ። በሩ ከውስጥ ተዘጋ።

ስልኬን አውጥቼ ለፖሊሱ ደወልሁ፤ ቁጥሩን የሰጠኝ እሱ ራሱ ነበር።

«መጥሪያው ደረሰው?» አለኝ።

«ደርሶታል፤ ግን አሁን እኮ እሷ...»

«ተቀበለ? ጥሩ ነው። እንግዲህ ሰኞ እንገናኛለን» አለና ዘጋው።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር።