ሦስተኛው ገጽ ቆቦ ላይ ሲነበብ

ሰኞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ስነሣ ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ሴት እንድትፈርምበት የተዘጋጀ አራት ገጽ ውል ነበር። ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም። ስሟ ዘሐራ መሆኑን፣ ቆቦ ውስጥ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ እንደምትጠግን፣ አለቃዬም አዲስ አበባ መጥታ እንድትሠራለት እንደሚፈልግ ብቻ ነው የማውቀው።

የምሠራው በቴክኖሎጂ ላይ ገንዘብ በሚያፈስ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ያን ሰሞን በየስብሰባው የሚወራው ሦስት ነገር ነበር፦ ሶፍትዌር፣ ቺፕና የሠለጠነ ሰው። ሶፍትዌሩን እንጽፈዋለን፣ ቺፑን ከቻይና እናስመጣዋለን፣ ሰውን ግን ከየት እናምጣ? ይባላል፤ ከዚያ ሻይ ይጠጣል። አንድ ቀን አለቃዬ ፓምፕ ከሚያስመጣ ወዳጁ ወሬ ሰማ። ከቆቦ በኩል አዲስ ቦርድ የሚያዝ ሰው ጠፍቷል። መብራቱ እንደ ልማዱ ይዋዥቃል፣ ቦርዱም ይቃጠላል፣ ግን ተቃጥሎ አይቀርም። ሲያጠያይቅ ዘሐራ ላይ ደረሰ።

«አስፈርመሻት ነይ» አለኝ። «ሦስተኛውን ገጽ ብዙ አታብራሪላት። የሕግ ቋንቋ ነው በያት።»

ሦስተኛው ገጽ የሚለው ይኸው ነው፦ በፈረመች ቀን የቆቦው የጥገና ቤቷ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላም ለአምስት ዓመት ያለ ድርጅቱ ፈቃድ የትም ቦታ የማንንም ቦርድ አትነካም። እኔም እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ራሴን ላሳምር አልፈልግም። ጥሩ ደመወዝ ነው፣ አዲስ አበባ ናት፣ ውለታ የምውልላት መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ

ወልድያ አድሬ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ የቆቦ ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር። ረዳቱ «ሁለት ብቻ!» እያለ ስድስት ሰው ጫነብን። ነሐሴ ነው፤ ደጋው ጭጋግ ለብሷል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ግን ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ መስኮት ከፈትኩ፣ ሮቢት ስንደርስ በያዝኩት ጋዜጣ ራሴን አራግብ ነበር። እዚያ ቆመን ቲማቲም በሳፋ የደረደሩ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። በዐሥር ብር የሰጡኝ ቲማቲም ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል።

ከሮቢት ወዲያ ሜዳው ይዘረጋል። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በመካከሉ ማሽላ፣ አሁንም ማሽላ። ዝናቡ ዘግይቶ ስለነበር አንዳንዱ ማሳ ቅጠሉን ጠቅልሏል። የጉድጓድ ውሃ የደረሰው ግን ከሩቅ ይለያል፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው።

ቆቦ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። «የዘሐራን ቤት ታውቀዋለህ?» ስለው ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። «ፓምፕሽ ተቃጠለ እንዴ?» አለኝ በሐዘኔታ። እኔን ገበሬ አድርጎ የገመተ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም፤ ደስ አለኝ።

የቆርቆሮ ቤት ናት። በር ላይ አሮጌ ኮምፒውተሮች እንደ ማገዶ ተከምረዋል፤ ነጋዴዎች በአፋር በኩል የሚያመጡት ነው። ዘሐራ ሻርፗን ወደ ኋላ ጠምጥማ፣ በጋለ ካውያ ከአንዱ ቦርድ ላይ ቺፕ እየነቀለች ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ቀና ብላ፣ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ልጨርስ። አንቱ ይቀመጡ» አለችኝ።

ከሞተ ኮምፒውተር የተነቀለው ቺፕ ለፓምፕ ቦርድ ጥገና ይውላል። ይሄን ያህል ብልሃት ሌላም ቦታ አይቻለሁ። ሌላ ቦታ ያላየሁት ሶፍትዌሩን ነው። የጻፈችው ራሷ ናት። መብራት ሲዋዥቅ ፓምፑ ሳይቃጠል በፊት ራሱን ያጠፋል፣ ከዚያም ለገበሬው ስልክ መልእክት ይልካል። አንዱን አሳየችኝ፦ «ጠፍቻለሁ። መብራቱ ልክ አይደለም። እስኪስተካከል አትምጣ።» አዲስ አበባ ውስጥ ከእኛ ገንዘብ የተቀበለ ሶፍትዌር ሁሉ ለተጠቃሚው በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው።

ግድግዳው ላይ በኖራ የተጻፉ ስሞች ነበሩ። በየስሙ ትይዩ ቀን አለ፤ አንዳንዱ ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ ናቸው። የሠራተኞች የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ መሆኑ ነው ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁና ለአለቃዬ ደወልኩ።

«አርባ አንድ ሠራተኛ አላት!»

«አርባ አንድ? ቆቦ?» አለ። «በይ ደመወዟን ጨምሪላት። ዛሬውኑ ትፈርም።»

ረቡዕ፣ የዋጃ መንገድ

ማክሰኞ ባለ ፓምፕ እየተመላለሰባት ውሉን ሳላወጣው መሸ። በማግስቱ ጠዋት መጥቼ ብጠብቅ ከዘሐራ በቀር ሰው የለም። ሠራተኞቹ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅኋት። የምን ሠራተኛ? አለችኝ። ግድግዳውን ስጠቁማት ሳቋን መቆጣጠር አቃታትና ካውያውን አስቀመጠች። «ኧረ ይምጡ፣ ላሳይዎት» ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ወሰደችኝ።

ከከተማው ወጥተን በዋጃ መንገድ ትንሽ እንደሄድን አንድ የማሽላ ማሳ ውስጥ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አረም ያርማሉ። ወንዶች አሉ፣ ሴቶች አሉ፣ ክርስቲያን አለ፣ እስላም አለ። ማሳው የዘሐራ ነው። እነሱ በየጉድጓዱ ውሃ የሚጠጣ መሬት ያላቸው ናቸው። እሷ ቦርዳቸውን ስትሠራ ማሳዋን የሚያይ ሰው ስለሌለ፣ በተራ እየመጡ ያርሱላታል፣ ያርሙላታል፣ ያጭዱላታል። በኖራ የተጻፈው ተራቸው ነው። አርባ አንድ ሠራተኛ ብዬ የደወልኩበት ስልክ ኪሴ ውስጥ ፈጀኝ።

አካፋ ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌ ሰላም አሉኝ። አያ ሙሄ ይባላሉ፤ የጎርፍ ውሃ ወደየማሳው የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ የውሃ አባት ይሏቸዋል።

«ቦዩን ያልጠረገ ሰው ውሃ አያገኝም ልጄ» አሉኝ። «መሬቱ የፈለገውን ያህል ይስፋ። የሷንም ቤት እንደ ቦይ ነው የያዝነው። የመጣ ይጠቀማል፣ ያልመጣ ይቀርበታል። አንቺስ በምን ጉዳይ መጣሽ?»

ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረብኝ። ውሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ዘሐራ እጇን ጠርጋ ተቀበለችኝና ደመወዙ ያለበትን ገጽ አየች። ለእኔ እንኳ የማይከፈለኝ ደመወዝ ነበር። «ኧረ ይሄ ብዙ ነው» አለች ቀስ ብላ።

በዚህ መሐል ስልኬ ጠራ። አለቃዬ ነው። ፈረመች ወይ አለኝ። እያነበበች ነው አልኩት።

«ለምን ታነባለች? ቤቱ አይዘጋም በያት። ቅርንጫፍ እናደርገዋለን በያት። ከፈረመች በኋላ እናየዋለን።»

እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ለማጋነን አዲስ አይደለሁም፤ ለባለሀብት ተስፋ ጨማምሬ አውቃለሁ። ግን ሃያ ሰው አረሙን እየነቀለ፣ ሴትዮዋ ደመወዙን እያየች፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ እንድዋሽ ስታዘዝ ንዴቱ ከእግሬ ተነሣ። ስልኩን ዘጋሁት።

«ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን እኔ ላንብብላችሁ» አልኩ ጮክ ብዬ። አነበብኩት። የሕግ ቋንቋውን በማሳ ቋንቋ ተረጎምኩት፦ ቤቷ ይዘጋል። አምስት ዓመት የናንተን ቦርድ አትነካም። ፓምፕ ሲቃጠል አዲስ ትገዛላችሁ፤ የምትገዙትም ከአለቃዬ ወዳጅ ነው።

አራሚዎቹ ቀና አሉ። ማንም ሂጂ አላላትም፣ ማንም ቅሪ አላላትም። አያ ሙሄ ብቻ፣ «የሷ ዕድሜ ነው፣ የሷ ጉዳይ ነው። ብትሄድም አንቀየማትም፤ የዘንድሮውን ማሽላ አርመን እንጨርስላታለን» አሉ።

ዘሐራ ውሉን ለሁለት አጠፈችና መለሰችልኝ። ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር፤ ደመወዙ የእናቷን ቤት ያሠራ ነበርና።

«እትዬ፣ ለሰውየው ይንገሩልኝ» አለች። «ገንዘብ ካለው ቺፕ ይላክልን። መለኪያ መሣሪያ ይላክልን። የሚማር ሰው ይላክ፣ አስተምራለሁ። እኔን ነቅሎ መውሰድ ግን ከሞተ ኮምፒውተር ቺፕ እንደ መንቀል ነው። ወላሂ እኛ አልሞትንም።»

ከዚያ ከእነሱ ጋር አረም ነቀልኩ። ማሽላውንም አብሬ ሳልነቅል አልቀረሁም፤ አንዲት ሴት በዘዴ ወደ ዳር አወጣችኝ። ምሳ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነበር፣ ከሽንኩርት ጋር። እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ሐሙስ ተመልሼ ዓርብ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ባልተፈረመው ውል ላይ አንድ ገጽ ሪፖርት አያይዤ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ሶፍትዌሩ አለ፣ ቺፑ ይጎድላል፣ ሴትዮዋ ባለችበት ትሥራ፣ መሣሪያ እንላክላት ይላል። አለቃዬ አንብቦ «ስሜታዊ ሆነሻል» አለኝ። አዎ ሆኛለሁ አልኩት። ከዚህ በፊት ከየክፍለ ሀገሩ እየነቀልን ያመጣናቸውን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠራሁለት። ዛሬ ሦስቱ ውጭ አገር ናቸው፣ ሁለቱ ሽያጭ ላይ ተቀምጠዋል፣ የመጡባቸው ከተሞች ደግሞ ባዶ ናቸው። እኛም በየስብሰባው የሠለጠነ ሰው ጠፋ እያልን እናለቅሳለን። ያጠፋነው እኛ ነን አልኩት። ይህን ለመረዳት ይሄን ሁሉ ዓመት የፈጀብኝ ማሳ ዳር ቆሜ ስለማላውቅ ነው።

ሪፖርቱን እንድቀይር ታዘዝኩ። አልቀይርም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ፋይሉ ከእኔ ተወስዶ ለአንድ ምላሱ ለሚቀልለው ባልደረባዬ ተሰጠ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቆቦ እንዲሄድ። የእኔ ወንበር ምን እንደሚሆን ገና አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከቢሮ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ለዘሐራ ደወልኩላት። ሌላ ሰው እንደሚመጣ፣ ያንኑ ውል እንደሚይዝ፣ ቤቱ አይዘጋም ብሎ እንደሚምል ነገርኳት።

«ይምጣ እትዬ፣ ምን ችግር አለው» አለችኝ። «አያ ሙሄን ጠርተን፣ ሰዉን ሰብስበን፣ ሦስተኛውን ገጽ አንብብልን እንለዋለን። እሱ ካፈረ እኛው እናነብለታለን።»