አለቃዬ የሞሉት ባዶ ቦታ

እንጅባራ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ደሴ የሰጡኝ መመሪያ አንድ ነበር፦ «ባዶ ቦታ ያለው ሰነድ ፊቴ እንዳታመጪ!» ጡረታ እስኪወጡ ግዥ ክፍል ሠርተዋል። እዚያ ያልተሞላ መስመር ሌባ እንዳይሞላው በሰረዝ ይዘጋል። የራሳቸውን ድርጅት ሲከፍቱ ልማዱን ከነማኅተሙ ይዘውት መጡ።

ኋላ ላይ በስልክ የሚታዘዙ መብራቶች መግጠም ጀመርን። እያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ መልእክት የሚቀበልበት አድራሻ አለው። ለሁሉም አንድ አድራሻ እጽፍና መሃሉ ላይ፣ በሁለት የመቶኛ ምልክቶች መካከል፣ «ስም» የሚል ቃል እተዋለሁ። ማብሪያው በዚያ ቃል ፋንታ የራሱን ስም ይተካል፦ ሳሎን፣ ጓዳ፣ ጫጩት ቤት። የሰርግ ጥሪ ላይ «ይድረስ ለ» ተብሎ እንደሚተወው ቦታ ነው።

ደንበኛችን ወይዘሮ የሻረግ ሱቃቸውን ዘግተው ተስፋቸውን በጫጩቶች ላይ ጥለው ነበር። የእንጅባራ ብርድ ለጫጩት አይራራም፤ ማሞቂያ አምፖሉ ከጠፋ አለቀላቸው።

የቤታቸውን መብራቶች ገጥሜ ጨርሼ ለሌላ ጉዳይ ዳንግላ ሄድኩ። ርክክቡን አቶ ደሴ ብቻቸውን አደረጉ። በማግስቱ ወይዘሮ የሻረግ ደወሉ።

«ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ ነበር። ስመለስ ጫጩቶቼ ጥግ ላይ ተደራርበዋል፤ አምፖላቸው ጠፍቷል!»

«ሳሎኑን መልሰው ያብሩት፤ እስክመጣ እንዳይነኩት።»

«በጠራራ ፀሐይ መብራት ሳበራ ጎረቤት ምን ይለኛል?» አሉ፤ ግን አበሩት።

በሚኒባስ በረርኩ። አድራሻውን ስከፍት የተውኩት ቦታ የለም፤ በምትኩ «የሻረግ» ተብሎ ተጽፏል። ሳሎኑም ጓዳውም ጫጩት ቤቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ አንዱ ሲታዘዝ ሁሉም ይታዘዛል።

አቶ ደሴም መጥተው ነበር። «ረስተሽው ሄድሽ፤ እኔ ሞላሁልሽ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ የሰርጉን ጥሪ ሁሉ በአንድ ሰው ስም ጻፉት እኮ!»

«ታዲያ የቤቱ ባለቤት ስም አይደል?»

ስሙን አጥፍቼ ምልክቱን መለስኩ። ሳሎኑን ሳጠፋ የጫጩቶቹ አምፖል እንደበራ ቀረ። ከሥር የተረገጡት ግን አልተነሡም። ወይዘሮ የሻረግ አንድ በአንድ እያነሡ በነጠላቸው ጫፍ ሰበሰቧቸው። አቶ ደሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ያን ቀን አሳዘኑኝ።

በቀጣዩ ርክክብ አድራሻውን በወረቀት አሳተሙና ከክፍቱ ቦታ አጠገብ «ሆን ተብሎ የተተወ» ብለው ጻፉ። ማኅተምም አሳረፉበት።

ባዶ ቦታ ሁሉ የተረሳ አይደለም። ከመሙላት በፊት የተወውን ሰው መጠየቅ ነው።