ጋሽ ወንደሰን በሌሉበት የተስተካከለው ኮድ

የኦጎልቾዋ እህል ነጋዴ የሙቢና ልጅ ፈይሩዛ ዝርክርክ ነገር አትወድም። አሰላ ውስጥ ድረ ገጽ በሚሠሩበት ጠባብ ቢሮ የሰው ጠረጴዛ ሳይቀር ካላስተካከለች ሥራ አይያዝላትም። ባልደረቦቿ ስቀው ያልፏታል። እንቅልፍ የነሳት ግን ኮዱ ነበር። ሦስት ሆነው አንድ ሥራ ላይ ይጽፋሉ፤ ሦስቱም እንደየቤታቸው ነው። የሁሉም ታላቅ ጋሽ ወንደሰን መስመሩን አስፍተው ወደ ውስጥ ይገፉታል፣ ሌላው ባልደረባቸው ቢሊሱማ ጠጋ ጠጋ ያደርገዋል፣ እሷም የራሷ አመል አላት። ሥራቸውን ሲያዋህዱ አንዱ የሌላውን ክፍት ቦታ ሲያቃና፣ እውነተኛው ስህተት በግርግሩ መሃል ሾልኮ ያልፋል።

መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ስህተት የሚለቅም ሊንተርና የሁሉንም አጻጻፍ አንድ ዓይነት የሚያደርግ ፎርማተር በጋራ መግጠም ነው። ጋሽ ወንደሰንም አልጠሉትም። «ሕጉን ሦስታችንም ቁጭ ብለን እንስማማበት» ብለዋት ነበር። ሙያውን ሀ ብለው ያስጀመሯት እሳቸው ናቸውና ቃላቸው ለእሷ ከአባት ቃል አያንስም።

በዚህ መሃል ጋሽ ወንደሰንን ያሳደጓቸው አክስታቸው፣ እትዬ አልጣሽ፣ ሁሩታ ላይ አረፉ። ቢሊሱማ ለቀብሩ ሄደ። ፈይሩዛ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ጋሽ ወንደሰን ከሐዘን ሲመለሱ ኮዱ ጥርት ብሎ ቢጠብቃቸውስ? «ዛሬ ልጨርስና ነገ ለቅሶ እደርሳለሁ» አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸው ነው። አንዱን ሲገጥሙት ሌላው እምቢ እያለ ነገ ሌላ ነገ ወለደ። የቆየውንም አዲሱንም ኮድ ባንድ ትእዛዝ አስተካክላ ስትጨርስ ሁሩታ ድንኳኑ ፈርሶ ነበር።

ጋሽ ወንደሰን ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። የድሮ ሥራቸውን ከፈቱና መስመር በመስመር ያዩት ጀመር። ፈይሩዛ ከኋላቸው ቆማ አየችና ደነገጠች። ፎርማተሩ የነካካው መስመር ሁሉ፣ ማን ምን እንደጻፈ በሚታይበት በኩል፣ በእሷ ስም ሆኗል። የእሳቸው የዓመታት ድካም ከላይ እስከ ታች «ፈይሩዛ፣ ፈይሩዛ» ይላል።

«ጋሽ ወንዴ፣ ወላሂ ይህን አላሰብኩም! የጸሐፊውን ስም የሚያሳየው ያን ለውጥ እንዲዘለው ማድረግ ይቻላል፣ ስምዎ ይመለሳል። ካልፈለጉም ሁሉንም እንደነበረ እመልሰዋለሁ። ሕጉንም እንዳሉት አብረን እናወጣለን።»

«ኮዱን ተይው፤ እሱ ይመለሳል» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው በገባ ቁጥር አንቺ ነሽ ብዬ ቀና እል ነበር።»

ፈይሩዛ መሬት ብትውጣት በወደደች። ላስደስታቸው ብላ የደከመችበት ጊዜ ለካ እሳቸው በር በሩን የሚያዩበት ጊዜ ነበር። ሻሿን አጠባብቃ ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው?» አሏት።

«ሁሩታ። ለቅሶ ልደርስ።»

«ማን አለና? ዘመዱም ተበትኗል፤ ቤቱም ተዘግቷል።»

ፈይሩዛ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ወንበሯን ስባ ከጎናቸው ተጠግታ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እዚሁ ልድረስዎት። አላህ ያጥናዎት፣ ጋሽ ወንዴ።»

ሁሩታ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት እምቢ ያላቸው እንባ ያን ጊዜ መጣ።