የበረዶ አገር ውሻ በድሬዳዋ ፀሐይ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ውሻዬ ስለተረፈ ለሰው ስነግረው ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጎረቤቴን አዴ ሀሊማን መንገድ ላይ ሳያት ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ያደግኩት ውሻ በማይጠፋበት ቤት ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ሁልጊዜ አንድ ሁለት የሀበሻ ውሾች ነበሩን። የሀበሻ ውሻ ብዙ አያስቸግርም። የተረፈውን ይበላል፣ ማታ ይጮኻል፣ ቀን ደግሞ ዛፍ ሥር አፈሩን ጭሮ ሆዱን ቀዝቃዛው ላይ ለጥፎ ይተኛል። አንድ ጊዜ አባቴ ጀርመን ሸፐርድ አመጣ። እሱ ሥራ ፈትቶ መዋል አይሆንለትም ነበር። የሚያጫውተው ሰው ሲያጣ አንድ ቀን የአባቴን ጫማ፣ ሌላ ቀን የእናቴን ነጠላ፣ በመጨረሻም የሶፋውን ትራስ ቦጫጭቆ ጠበቀን። እያንዳንዱ የውሻ ዘር የራሱ ጠባይ እንዳለው ያኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ራሴን ስችል እዚያው ድሬ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ለማስወጣት ከቢሮ ቢሮ ስሮጥ እውላለሁ። ቤቱን የሚጠብቅልኝ ዳማ የሚባል ቡናማ የሀበሻ ውሻ አለኝ። እሱ ይበቃኝ ነበር። ግን ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ አንዲት ጓደኛዬ ቤት ሀስኪ የሚባል የበረዶ አገር ውሻ አየሁ። ዓይኑ ሰማያዊ፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ተኩላ የሚመስል ውሻ ነው። ስሙ ማክስ ይባላል። ጓደኛዬ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ስለነበር የምታኖርበት ቦታ አልነበራትም።

"እሰጥሽ ነበር፤ ግን የድሬን ሙቀት ይችለዋል?" አለችኝ።

"ጥላ አለኝ፣ ቬንቲሌተር አለኝ። ምን ይሆናል?" አልኳት። በዚያው ይዤው መጣሁ።

ሰፈራችን ጉድ አለ። "ወሪያ! ይሄ ጅብ ነው ውሻ?" የሚል አለ፤ አብሮት ፎቶ የሚነሳ አለ። ደስ ይለኝ ነበር። ማክስን ይዤ ስወጣ ሰው ዞር ብሎ እኔንም የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ ሙቀቱ ሲጀምር መጣ። ሀስኪ እንደ ዳማ አይጮኽም፤ ያላዝናል። ሌሊት አንገቱን ወደ ላይ ቀስሮ ሲያላዝን ጎረቤት ሁሉ ይነቃል። ቀን ቀን ደግሞ ይቆፍራል። አበባዎቼን ነቃቅሎ ጨረሰ። ተቆጣሁት፣ በጫማ መታሁት፤ አልሰማ አለ። በመጨረሻ ግንበኛ ጠርቼ ግቢውን በሙሉ ሊሾ አስደረግኩት። አሁን ሳስበው ያ ውሻ የሚፈልገው ቀዝቃዛ አፈር ብቻ ነበር። ልጅ ሆኜ የአባቴ ውሾች እንደዚያ ሲያደርጉ እያየሁ ነው ያደግኩት። ያንን ነው በሲሚንቶ የደፈንኩበት።

አዴ ሀሊማ ከአጥሩ ማዶ ነው የምትኖረው። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ትልቅ ሴት ናት። "አዴ" እኛ ጋ እናት እንደማለት ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለሌለ "አንቺ" ነው የምላት። ከውሻ ትርቃለች፤ ውሻ ከነካት ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር አትሰግድም። ስለዚህ እኔ ቤት ስትመጣ በር ላይ ቆማ ትጣራለች፣ ውሾቹን አስሬ ነው የማስገባት።

አንድ ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "አቦ፣ ይሄን ውሻ ወደ አገሩ መልሺው። እዚህ ከቆየ ይሞታል" አለችኝ።

ሌሊቱን ማክስ ሲያላዝን አድሮ ስለነበር ዛቻ መሰለኝ። "ማን ነው የሚገድለው?" ብዬ መለስኩላት። ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው ያ ቀን የመጣው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማክስን ቤት ውስጥ ቬንቲሌተር ከፍቼ ልተወው አልቻልኩም። ግቢ እንዳልለቀው ደግሞ አጥር መዝለል ለምዷል። በረንዳው ላይ በሰንሰለት አሰርኩት። ጠዋት ቦታው ጥላ ነበር። ፀሐይዋ እንደምትዞር አላሰብኩም። ውሃ አስቀምጬለት ሄድኩ።

ለምሳ ስመለስ ገና ከመንገዱ ዳማ እየጮኸ ነበር። እሱ በቀን አይጮኽም። በሩን በርግጄ ስገባ የኔንና የአዴ ሀሊማን ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ በር ሽቦው ተፈቶ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማክስ ከነሰንሰለቱ በረንዳው ሊሾ ላይ ተዘርግቷል። ምላሱ ተጎልጉሎ ጠቁሯል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል፣ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። አጠገቡ አዴ ሀሊማ አዲስ ድሪያ ቀሚስ ለብሳ ቁጢጥ ብላለች። በእጇ ጆግ ይዛለች።

ያቺ "ይሞታል" ያለችኝ ቃል በጆሮዬ ጮኸችብኝ።

"ምን አጠጣሽው?" ብዬ ጮኽኩ። "መረዝሽው! ውሻዬን መርዛ ገደለችብኝ!"

የውጭውን በር አልዘጋሁትም ነበር። ሰው ለምሳ የሚገባበት ሰዓት ነው። ጥግ ላይ የሚቀመጡት ጫት ሻጮች ተነስተው መጡ፣ ባጃጅ ቆመ፣ በሩ በሰው ተሞላ። እኔ አላቆምኩም። "ትገድለዋለች ብዬ ነበር! ዝታብኝ ነበር!" እያልኩ ለመጣው ሁሉ እናገራለሁ።

አዴ ሀሊማ አልጮኸችም። "ልጄ፣ ውሃ ነው" አለች በቀስታ። ማንም የሰማት አልመሰለኝም። ቀና ብላ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየች። ከዚያ ጆጉን አንስታ የቀረውን ውሃ ሁላችንም እያየናት ጠጣችው። ጆጉን መሬት አስቀምጣ፣ የረጠበ ድሪያዋን ሰብስባ፣ በቆርቆሮው በር ወደ ቤቷ ገባች።

ይህን አይቼ እንኳን አላፈርኩም። ማክስን ከባጃጁ ሾፌር ጋር ተሸክመን ጫንነውና ወደ እንስሳት ሐኪም በረርን።

ሐኪሙ ሙቀቱን ለካ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መድኃኒት ሰጠው። እኔ መርዝ እላለሁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል።

"መርዝ አይደለም። ሙቀት ነው የመታው" አለኝ። "ውሃ ያፈሰሰበት ማን ነው?"

"ምነው?"

"ያ ውሃ ባይኖር እዚህ በሕይወት አይደርስም ነበር።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የማክስ ፀጉር እስከ ሆዱ ድረስ ርሶ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ አቅፌው ስመጣ የኔም ልብስ በስብሷል። ከየት የመጣ እርጥበት ነው ብዬ አልጠየቅኩም ነበር።

በማግስቱ አዴ ሀሊማ ቤት ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ያ ድሪያ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። በሩን ስትከፍትልኝ እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

"ውሻው እንዴት ነው?" አለች መጀመሪያ።

"ተርፏል። አንቺ ነሽ ያተረፍሽው። እኔ ግን..."

"አልሐምዱሊላህ። ግቢ።"

ሳሎን ፍራሹ ላይ ተቀመጥን። ያን ቀን የእህቷ ልጅ ጋብቻ የሚታሰርበት ኒካህ ነበረ፤ ልትወጣ ለባብሳ ጨርሳ ሳለ ነው ዳማ በጩኸት አላስቀምጥ ያላት። በአጥሩ ብታይ ማክስ ወድቋል። ከነካችው ታጥባና ልብስ ቀይራ እንደማትደርስ እያወቀች ነካችው፤ ኒካሁን ተወችው። እኔ ስጮህባት ስንተኛ ጆጓ እንደነበር አልነገረችኝም፤ ግን የውሃ በርሜሏ ባዶ ሆኖ አይቻለሁ።

አለቀስኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ወላሂ ይቅር ብዬሻለሁ" አለች። "ግን አየሽ፣ የጮኽሽብኝ በር ላይ ነው። ይቅርታ የጠየቅሽኝ ሳሎን ውስጥ ነው።"



በዚያው ተነስቼ ወጣሁ። ጥግ ላይ ላሉት ጫት ሻጮች ነገርኳቸው። ለባለሱቁ ነገርኩት። ለምሳ ሲያልፉ የቆሙትን፣ የማስታውሳቸውን ሁሉ በየቤታቸው እየሄድኩ፣ "አልመረዘችም፣ አድናልኛለች፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኳቸው። አንዳንዱ "ውይ፣ እንዲያ ነው?" አለኝ። አንዳንዱ ደግሞ፣ "ታርቃችሁ ነው መቼም" ብሎ ፈገግ አለ። ስጮህ ያመነኝ ሰው ሁሉ እውነቱን ስነግረው ለማመን ዘገየ።

ማክስን ቁልቢ አካባቢ ላለችው ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። እዚያ ብርድ አለ፣ ሰፊ ግቢ አለ። ልጠይቀው ሄጄ ሮጦ ሲመጣ ከደስታዬ ኀፍረቴ በለጠ። ለዳማም ከዛፉ ሥር ያለውን ሊሾ አስፈርሼለታለሁ። አዴ ሀሊማ አሁንም ሰላም ትለኛለች፣ በዒድ ምግብ ትልክልኛለች። እንደድሮው ግን በሬ ላይ ቆማ አትጣራም።

ባለፈው ሳምንት ከድሬው ለገሃር ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩን አላውቀውም። ሳቢያን የቱ ጋ እንደምወርድ ነገርኩት።

"አወቅኩት" አለ። "ያቺ ውሻ የምትመርዘው አሮጊት ያለችበት ሰፈር አይደል?"

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ኧረ ሁሉም ያውቃል። ባለቤትየዋ ራሷ በር ላይ ስትጮህ ሰው ሰምቷል ይባላል።"

"ባለቤትየዋ እኔ ነኝ" አልኩት። "ያኔ የጮኽኩት ውሸት ነበር።"

በመስታወቱ አየኝ። የቀረውን መንገድ ሁሉ እያስረዳሁት ሄድኩ። ስወርድ እሺ አለኝ፤ ማመኑን ግን አላውቅም። ወዲያው ሌላ ተሳፋሪ ጭኖ ሄደ።