ጉም ሲወርድ የሚነገር ተረት

አስፈሪ ታሪክ መውደድ የጀመርኩት አንድ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንኮበር አክስቴ እትዬ ዘነቡ ቤት ነው። ዛሬም ደብረ ብርሃን ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ብርድ ልብስ ተጠጋግተን አስፈሪ ፊልም ስናይ፣ ጉም መስኮቱን ከሸፈነው እትዬ ዘነቡ ትዝ ይሉኛል።

በዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ትምህርት ቤት ክፍል ፊት ቆሜ ተረት መናገር ነበረብኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ተረት እንዲነግሩኝ አክስቴን ለመንኳቸው።

«በቀን ተረት ከተወራ ከብት ይጠፋል ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ። ወዲያው ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ግቢውን ሲውጠው ግን ሳቁ። «በይ እንግዲህ መሽቷል፤ ተጠጊ።»

ሰው መስሎ ማደሪያ ስለሚለምን ጅብ ነገሩኝ። ፀጉራም እግሩ ከጋቢው ስር ብቅ ሲል ነጠላቸውን ጨምድጄ ያዝኩ።

«እኔ ፈሪ ነኝ፤ እንዴት አድርጌ እነግራቸዋለሁ?»

«ደፋር ተረት አያውቅበትም፣ ልጄ። የቱ ጋ እንደሚያስፈራ የሚያውቀው ፈሪ ነው።»

ስለዚያ ቃላቸው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አላቋረጥኩም። ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች እርስ በርስ ተጠጋጉ።